የሳንባ ነቀርሳም የዘር ሐረግ አለው

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ መቅጠን ሳይቀር ብዙ ተጽፏል። ስለ ሳል የተጻፈ ግን እስካሁን አላየንም። እኛ ዛሬ ስለ አንድ ሳልና በዚያ ሳል ምክንያት ስለ ሠራነው በደል ልንጽፍ ተነሥተናል። አሳቡ የተጠነሰሰው በቡሄ ሰሞን ለዕረፍት ወደ አገራችን በተመለስን ጊዜ፣ ከደብረ ታቦር ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ በሚገኘው በጋፋት ተቀምጠን ስንጫወት ነው። ከመካከላችን አንዱ ያ የበደልነው ወንድማችን ነበረ። ታሪኩን እንድንጽፈው ፈቅዶልናል፤ ስሙን ግን አንጽፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ የጋይንት ልጅ የሆነው የመኝታ ክፍል ጓደኛችን በኅዳር ወር ማሳል ጀመረ። ብርድ ነው አልን። በታኅሣሥም ሳለ፤ አቧራ ነው አልን። በጥር ሌሊቱን በላብ ተጠምቆ ማደርና ከቀን ወደ ቀን መክሳት ሲጀምር ግን ነገሩ ለሁላችንም ገባን፤ ገብቶንም ዝም አልን። አልጋችንን ከአልጋው አራቅን፤ አብሮ መብላት ቀረ፤ ኩባያውን ለየንለት። መስኮቱን ግን አልከፈትንም፤ ይበርደን ነበርና። የሳንባ ነቀርሳ በአየር እንጂ በኩባያ እንደማይተላለፍ የሚያውቅ ሁሉ፣ ምን ያህል የተማርን እንደ ነበርን ከዚህ ይፍረድ።

በመጨረሻ ብቻውን ሄዶ ተመረመረ። አክታው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ታየና ሁለት ነገር ተነገረው፤ አንደኛው የሳንባ ነቀርሳ እንደ ያዘው፣ ሁለተኛው ደግሞ ጀርሙ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋነኛ መድኃኒት የተላመደ መሆኑን ነው። ወሬው ክፍላችን ሲደርስ ፍርዳችን ተዘጋጅቶ ጠበቀው። «መድኃኒቱን አቋርጦ ነው» አልን። በሽታው መድኃኒት የሚላመደው ሕክምና ሲቋረጥ ነው ሲባል ሰምተን ነበርና ከዚያ ወዲያ አልጠየቅንም። ወንድማችን ግን በዕድሜው አንዲት የነቀርሳ ክኒን ቀምሶ አያውቅም። ያልጀመረውን ምን ብሎ ያቋርጣል?

እርሱ ትምህርቱን ትቶ ለሕክምና ከሄደ ከሦስት ወር በኋላ ከጎረቤት ክፍል ሌላ ተማሪ በዚያው መድኃኒት በተላመደ ነቀርሳ ተያዘ። አሁንም እንደ ሸንጎ ተቀመጥንና «ያ ነው ያስያዘው» ብለን ፈረድን። ቃሉ ከጆሮው ደረሰ። ጋፋት ላይ ሲነግረን እንደ ተረዳነው፣ ከበሽታውም ከመድኃኒቱም ይልቅ ያደቀቀው ይህ ቃል ነው። ምስክር ሳንሰማ ፈረድንበት። ምስክር ግን ነበረ፤ በሁለቱም ልጆች አክታ ውስጥ ተጽፎ ይገኝ ነበር፤ የሚያነበው ሰው ብቻ ጠፋ። ይህ ጽሑፍ ሳይነበብ ስለ ቀረው ስለዚያ ምስክር ነው።

«እናንተ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ጀርም ለመናገር ማን ፈቀደላችሁ?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ነገሩ ግን ከእኛ ትምህርት የራቀ አይደለም። ያ ወንድማችን የተወለደበት ጋይንት የቤተልሔም አገር ነው፤ ድጓ የተማረ ሁሉ ሊያስመሰክር የሚሄድበት ደብር። ከብራና ጋር ያደገ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ጸሓፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ አንዳንድ ጊዜ ፊደል ይስታል። ከርሱ የገለበጠው ሁለተኛው ጸሓፊ ያንን ስሕተት ይወርስና የራሱን አንድ ይጨምርበታል፤ ሦስተኛው የሁለቱንም ይወርሳል። ከብዙ ዘመን በኋላ ተመራማሪው መጻሕፍቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ስሕተታቸውን ሲቈጥር፣ የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደ ተወለደ፣ የትኞቹስ ወንድማማች እንደ ሆኑ ይለያል። ቀኑና የጸሓፊው ስም ባይጻፍ እንኳ ስሕተቱ ራሱ የዘር ሐረግ ይሆናል።

የሳንባ ነቀርሳ ጀርምም ራሱን እየገለበጠ የሚኖር መጽሐፍ ነው። ጠቅላላ ዘረመሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ለመጀመሪያ ጊዜ ተነቦ ሲታተም 4.4 ሚሊዮን ያህል ፊደላት እንዳሉት ታወቀ። ይህ ጀርም እጅግ ጥንቁቅ ጸሓፊ ነው፤ በሁለት ዓመት አንድ ፊደል ያህል ቢስት ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2013 ከእንግሊዝ አገር የወጣ ጥናት መለኪያ አበጀለት። ከሁለት በሽተኞች የተገኙ ጀርሞች ልዩነታቸው ከ5 ፊደል ካልበለጠ፣ በሽታው በቅርብ ጊዜ ከአንዱ ወደ አንዱ ወይም ከአንድ ምንጭ ወደ ሁለቱም ተላልፏል ተብሎ ይገመታል። ልዩነቱ ከ12 ፊደል ከበለጠ ግን በቅርብ ጊዜ ተላልፏል ማለት አይቻልም።

እንግዲህ የእኛ የሁለቱ ልጆች ጀርም ተነቦ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ልዩነቱ 30 ወይም 40 ፊደል ቢሆን ፍርዳችን ሐሰት መሆኑ በዚያው ቀን ይገለጥ፣ ወንድማችንም ከማይገባው ሸክም ይድን ነበር። ልዩነቱ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ቢሆን ደግሞ በሽታው በሕንፃችን ውስጥ እየተዘዋወረ መሆኑን አውቀን፣ በአንድ ጣራ ሥር የምናድር ሁሉ በሰልፍ በተመረመርን ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም። የሚያስፈራውም ይህ አለማወቅ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። አንድ ሰው መድኃኒት ሳይቀምስ መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ እንዴት ሊይዘው ይችላል? መልሱ ያው በፊደሉ ነው። በአንድ በሽተኛ ሳንባ ውስጥ ከሚርመሰመሱት እጅግ ብዙ ጀርሞች ጥቂቶቹ በአጋጣሚ አንድ ፊደል ተለውጦባቸው ይገኛሉ፤ ያቺ ፊደል አርፒኦቢ በሚባለው የዘረመል ክፍል ላይ ከዋለች ሪፋምፒሲን ጀርሙን መግደል ይሳነዋል። አንድ መድኃኒት ብቻ ሲሰጥ ሌሎቹ ያልቁና እነዚያ ጥቂቶች ቤቱን ይወርሳሉ። ይህ ከጥንቱ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው ስትሬፕቶማይሲን በእንግሊዝ አገር ተሞክሮ ውጤቱ በ1948 ሲታተም፣ ብዙዎቹ በሽተኞች መጀመሪያ ተሽሏቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ጀርማቸው መድኃኒቱን እንደ ተላመደ ታይቷል። ዛሬ ብዙ መድኃኒት ባንድነት የሚሰጠው አንዱ የሳተውን ሌላው እንዲገድል ነው።

እንግዲህ የተላመደ ጀርም በመጀመሪያ የሚወለደው ሕክምና ሲጎድል ነው፤ ይህ እውነት ነው። ከተወለደ በኋላ ግን በእግሩ ይሄዳል፤ እንደ ማንኛውም የነቀርሳ ጀርም ከሳል ወጥቶ በአየር ይንሳፈፋል። ያንን አየር የሳበ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተላመደውን ይዞ ይነሣል። ክኒን ማቋረጥ ቀርቶ ክኒን ማየት አያስፈልገውም።

ይህን የተናገርነው ወንድማችንን ለማጽናናት ብለን አይደለም፤ ተቈጥሮ የታየ ነገር ነው። በደቡብ አፍሪካ በኳዙሉ ናታል ግዛት ቱጌላ ፌሪ በምትባል ቦታ፣ መድኃኒቶችን ሁሉ ሊባል በሚችል ደረጃ የተላመደ ነቀርሳ ከያዛቸው 53 ሰዎች 52ቱ መሞታቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲታተም ዓለም ደነገጠ። ያን ጊዜም ብዙ ሰው «መድኃኒት እያቋረጡ ነው» አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ግን በዚያው ግዛት ከ400 በላይ በሽተኞችን መርምሮ፣ ከመቶው 69ኙ በሽታውን ያገኙት ከሌላ ሰው በመተላለፍ እንጂ በራሳቸው ሕክምና ጉድለት እንዳልሆነ አሳየ። የጀርሙ የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ሲቈጠር ደግሞ የመጀመሪያው መላመድ በ1950ዎቹ ዓመታት የተጀመረ ሆኖ ተገኘ። በ2005 የሞተው ወጣት ከአባቱ ልደት በፊት ለተሠራ ጉድለት ዕዳ ከፈለ ማለት ነው።

በአገራችንስ? እ.ኤ.አ. በ2005 የተጠናቀቀው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ጥናት፣ ዋና ዋናዎቹን ሁለት መድኃኒቶች የተላመደ ነቀርሳ ከአዲስ በሽተኞች በመቶ 1.6፣ ቀድሞ ከታከሙት በመቶ 11.8 መሆኑን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተፈጸመው ሁለተኛው ጥናት 2.3 እና 17.8 አደረሰው። ይህን ያየ ሰው ቸኩሎ «ታዲያ ቀድሞ የታከሙት ይበልጡ የለምን?» ይላል። እስቲ ለምሳሌ እናስላው። ከ1,000 በሽተኞች 900ው አዲስ፣ 100ው ቀድሞ የታከሙ ናቸው ብንል፣ በ2014ቱ ጥናት መጠን ከአዲሶቹ 21 ያህል፣ ከነባሮቹ 18 ያህል የተላመደ ነቀርሳ ይዟቸዋል ማለት ነው። በቍጥር የሚበልጡት ያላቋረጡት ናቸው! ከነባሮቹም ቢሆን ገና ከመነሻው የተላመደውን ይዘው፣ የማያድናቸውን መድኃኒት በትጋት ሲውጡ የከረሙ አይጠፉም። «አቋርጦ ነው» የሚለው ቃላችን በስንቱ ላይ በሐሰት እንደ ወደቀ አንባቢ ያስላ።

በርግጥ ያቋረጡም አሉ። ግን የሚያቋርጠው ማን ነው? ከእብናት ወይም ከስማዳ ቆላ ተነሥቶ ወደ ሕክምና በእግሩ የሚጓዝ፣ ክኒኑን በባዶ ሆዱ የሚውጥ፣ መንገድ ሲዘጋ ቤቱ የሚቀር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ፣ ከ2023 ወዲህም በክልላችን ግጭት በተነሣ ጊዜ የመድኃኒት መንገድ ስንት ቀን እንደ ተዘጋ እናውቃለን። የተዘጋ መንገድ ያስቀረውን ሰው ቸልተኛ ብሎ መጥራት በደል ላይ በደል መጨመር ነው።

የደጋችንን ኑሮ ደግሞ እንመልከት። የጉና ብርድ ሲነሣ የደብረ ታቦር ሰው በሩን ይዘጋል፤ መስኮትም ብዙ የለውም። የቆሎ ተማሪው በጠባብ ጎጆ ተደራርቦ ያድራል፤ እኛም በዩኒቨርሲቲ በተደራረበ አልጋ እንዲሁ ነን። ክረምት ሲሆን የፋርጣው፣ የሊቦውና የጋይንቱ ወጣት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል፤ በዳስ ታጭቆ አድሮ ሲመለስ ደመወዙን ብቻ ይዞ አይመለስም። ሊቦ ከምከም ይህን በከባድ ዋጋ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአዲስ ዘመን ዙሪያ ሰው ሲያልቅ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ በኋላ ግን ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ በሽታው ከቆላው እርሻ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር እንደ መጣም ታመነ። የካላዛርና የነቀርሳ መተላለፊያ ለየቅል ነው፤ አንዱ በአሸዋ ዝንብ፣ አንዱ በአየር። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ በሽታ እንጀራ ፍለጋ የሚሄደውን ሰው ተከትሎ ይጓዛል። ወንድማችንም ከመታመሙ በፊት በነበረው ክረምት ለሰሊጥ አረም መተማ ወርዶ ነበር። ከዚያ ይያዝ፣ ከሚኒባስ ይያዝ፣ ከመኝታ ክፍላችን ይያዝ ማን ያውቃል? በሩ ብዙ ነው። የጀርሙን የዘር ሐረግ ማንበብ የሚጠቅመው ከነዚህ ሁሉ በሮች የትኛው እንደ ተከፈተ ለማወቅ ነው።

ይህ ንባብ ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑን ስናውቅ ተደንቀናል። እ.ኤ.አ. በ2013 ረቡማ ፍርዲሳና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ ሊቃውንት ሰባተኛው ሐረግ የሚሉት የነቀርሳ ዘር በኢትዮጵያ፣ ይልቁንም በወልድያ አካባቢ መገኘቱ ተገለጸ። ይህ ዘር ከአፍሪካ ቀንድና ከዚያ ከፈለሱ ሰዎች በቀር በሌላው ዓለም የለም ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት በላይ ተሰማና ባልደረቦቻቸው ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በተሰበሰቡ ጀርሞች ላይ ቀድሞ ያልታወቁ የዘር ሐረጎችን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሰሎሞን ይመርና ባልደረቦቻቸው በአማራ ክልል ባደረጉት ጥናት፣ ሰባተኛው ሐረግ የያዛቸው በሽተኞች ወደ ሕክምና ሳይመጡ ከሌሎቹ ይልቅ ረዥም ጊዜ እንደሚቈዩ አሳዩ። ይህ ለእኛ ለተራዎቹ ሰዎች ትልቅ ወሬ ነው። ቀስ ብሎ የሚያሳልን ሰው «ብርድ ነው፣ አቧራ ነው» እያልን ወራት የምናሳልፍበት አገር ላይ እንዲህ ያለ ጀርም መኖሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

አሁን በየሆስፒታሉ የሚገኘው ጂን ኤክስፐርት ታላቅ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ካጸደቀው ወዲህ በሁለት ሰዓት ውስጥ ውጤት እየሰጠ ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን ከመጽሐፉ አንዲት ገጽ ብቻ ነው የሚያነበው። በኤስዋቲኒ አገር ከተገኙት የተላመዱ ጀርሞች ከመቶ 30 ያህሉ የተለወጠችው ፊደላቸው ከዚያች ገጽ ውጭ ስለ ነበረች መሣሪያው ሳያያቸው ማለፉ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ደግሞም ያቺ ገጽ ጀርሙ መላመዱን እንጂ የማን ዘመድ እንደ ሆነ አትነግርም። ለዚያ መጽሐፉን በሙሉ ማንበብ ያስፈልጋል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ይህን ሙሉ ንባብ የዘወትር ሥራ አድርጋዋለች።

ይህን ስንጫወት የተቀመጥነው ጋፋት ላይ መሆኑ ትዝ አለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚህ ቦታ እነ ዋልድማየርን የመሰሉ የአውሮፓ ሰዎችን አስቀምጠው መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አዘዙ። ሴባስቶፖል የተባለው፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ እዚህ ተሠራ፤ ሕዝቡ መንገድ እየጠረገ ስድስት ወር ገደማ ጐትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አደረሰው፤ ዛሬም እዚያው አለ። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ጭካኔም ስለ ሕዝቡ ድካምም ብዙ ማለት ይቻላል። እኛን የነካን ግን አንድ ነገር ነው። ንጉሡ የፈለጉት የተሠራ መድፍ መግዛትን ብቻ አልነበረም፤ ጥበቡ ራሱ አገር ውስጥ እንዲገባ ነበር። መድፉ ቀረ፤ ጥበቡ ግን ከመምህራኑ ጋር ሄደ፤ የጋፋት እሳትም ጠፋ።

በነቀርሳው ነገር እንደ ጋፋት እንዳይሆንብን እንፈራለን። አክታው የእኛ፣ ሳሉ የእኛ፣ ሰባተኛው ሐረግ የእኛ ሆኖ፣ የንባቡ ትልቅ ክፍል ሲከናወን የኖረው ከአውሮፓ ቤተ ሙከራዎች ጋር ነው። ውጤቱ በመጽሔት ሲታተም ዓመታት ያልፋሉ፤ በዚያ ጊዜ በሽተኛው ወይ ድኗል ወይ ተቀብሯል። ለሊቅነት ማዕረግ የሚበቃ ንባብ አለ፤ ለአንድ የመኝታ ሕንፃ የሚደርስ ንባብ ግን ገና የለም። ዛሬ ዘረመል የሚያነብ መሣሪያ ከ100 ግራም በታች የሚመዝን፣ ከኪስ የሚገባ ሆኗል፤ እንደ ሴባስቶፖል ስድስት ወር የሚያስጐትት አይደለም። የሚከብደው ሌላው ነው፤ ጀርሙን ለሳምንታት የሚያበቅል ንጹሕ ቤተ ሙከራ፣ የማይቋረጥ መብራት፣ በየጊዜው የሚገዛ ኬሚካል፣ ከሁሉም በላይ የሚያነብ ሰው ነው። በአዲስ አበባ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አሉን። ጥያቄያችን ለምን በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በደብረ ታቦር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው የክልሉን ንባብ የዘወትር ሥራቸው አያደርጉትም የሚል ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው «ዳቦ የጐደለው ሕዝብ ዘረመል ምን ያደርግለታል?» የሚል ነው። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ረኃብ ራሱ የነቀርሳ ወዳጅ ነውና። ነገር ግን መድኃኒት የተላመደውን ነቀርሳ ማከም ከተራው እጅግ ይልቅ ውድ ነው። ቀድሞ ሕክምናው 20 ወር ያህል ይፈጅ፣ ለወራት በየቀኑ የሚሰጠው መርፌም የብዙ ሰው ጆሮ ያደነቍር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የስድስት ወር የሚዋጥ ሕክምና ማጽደቁ መልካም ነው፤ እነዚያ አዳዲስ መድኃኒቶችም ግን ሲላመዱ ታይተዋል። አንድ በር ቀድሞ መዝጋት አሥር ሰው ከማከም ይረክሳል። ደግሞስ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቆም በአገራችን በሺሕ የሚቈጠሩ የጤና ሠራተኞች ከሥራ ሲሰናበቱ አላየንምን? በሌላ ሰው እጅ ያለ ጥበብ ሌላ ሰው በፈለገ ቀን ይሄዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብደናል፤ ያነሣውም ያ የበደልነው ወንድማችን ነው። «ጀርሜ ተነቦ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ሆኖ ቢገኝስ? ያን ጊዜ በማስረጃ ትከሱኝ ነበር» አለን። ዝም አልን፤ እውነቱን ነውና። ፊደሉ ዝምድናን እንጂ አቅጣጫን በርግጥ አይነግርም፤ ማን ለማን እንደ ሰጠ፣ ወይም ሁለቱም ከሦስተኛ ሰው እንደ ተቀበሉ ብቻውን አይለይም። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት የዘረመሉን ንባብ ከበሽተኞቹ ኑሮና ግንኙነት ጋር አዛምዶ ነው እውነቱን ያገኘው። ስለዚህ መዝገቡ እንደ ንስሓ ምስጢር ይጠበቅ እንላለን። የሐኪም መሣሪያ እንጂ የሸንጎ ማስረጃ አይሁን። መተንፈስ ወንጀል አይደለምና፣ ልዩነቱ ዜሮ ፊደል ሆኖ ቢገኝ እንኳ በደለኛ የለም። በደለኛው የተዘጋው መስኮት፣ የዘገየው ምርመራ፣ የቀረው መድኃኒት፣ ዝም ያለው ጓደኛ ነው።

ተስፋ የሚቈርጥ ሰው ደግሞ ይህን ይስማ። በአገራችን መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ መታከም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው፤ ጎንደርም ተከተለ። በሁለቱ ሆስፒታሎች ከታከሙት ከመጀመሪያዎቹ 600 በላይ ሰዎች ከመቶው 79 ያህሉ በመልካም ውጤት መጨረሳቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል፤ ይህም በሀብታም አገሮች ዘንድ እንኳ ሁልጊዜ የማይገኝ ነው። የቻሉትም በመድኃኒት ብቻ አይደለም፤ ምግብ እየሰጡ፣ ቤት ድረስ እየሄዱ፣ በሽተኛውን ሰው አድርገው በመያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው አገሮች ዝርዝር አወጣት፤ ተራው ነቀርሳ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ግን አልወጣችም። መንገዱ ይታወቃል ማለት ነው፤ የቀረው መሄድ ነው።

ታዲያ እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ? አንደኛ፣ «አቋርጦ ነው» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ። ሁለተኛ፣ ሁለት ሳምንት ያሳለ ጓደኛ ካለን ብቻውን አንስደደው፤ ይዘነው እንሂድ፤ አብረንም እንመርመር። ሦስተኛ፣ ብርድ ቢሆንም ጧትና ማታ መስኮት እንክፈት፤ አንድ ብርድ ልብስ መጨመር አንድ ሳንባ ከማጣት ይቀላል። አራተኛ፣ የተማሪዎች ማኅበራችን ሁለት ጥያቄ ይዞ ወደ አስተዳደሩ ይቅረብ፤ ታሞ የወጣ ተማሪ ሲድን ያለ ውጣ ውረድ ወደ ትምህርቱ ይመለስ፤ በአንድ ሕንፃ ሁለት በሽተኛ በተገኘ ጊዜም ጀርማቸው ወደሚነበብበት ቤተ ሙከራ ይላክ። አምስተኛ፣ የባዮሎጂና የሕክምና ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ንባብ ለመማር ይነሡ። እኛም የአርትስ ተማሪዎች ሐሳቡን በገበሬው ቋንቋ፣ በብራናው ምሳሌ ተርጕመን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለየአገራችን ሰው እናደርሳለን።

ወንድማችን ሕክምናውን ሊጨርስ ተቃርቧል፤ በመስከረም ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። ከጋፋት ስንወርድ የትኛውን አልጋ እንደሚፈልግ ጠየቅነው። «የመስኮቱን» አለን፤ «እናንተ እንደማትከፍቱት አውቃለሁና» ብሎ ሳቀ። እኛ ግን አልሳቅንም። የመስኮቱ አልጋ ለርሱ ተይዟል፤ መስኮቱን የምንከፍተው ግን እኛ ነን።